ጣሪያውን ማን ጠገነው?

በስምንት ዓመቴ አባቴን አዳንኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ብዬ ነው የኖርኩት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን ሕይወት ሲከብደኝ፣ ልጄን ትኩሳት ሲይዛት ወይም ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ስትዘገይብኝ፣ «አይዞሽ፣ አንቺ አባትሽን ያዳንሽ ሴት ነሽ» እያልኩ ራሴን አበረታታ ነበር።

አባዬ ጣሪያ ሠሪ ነበር። በሰፈራችን ዝናብ የማያስገባ ቤት ካለ እሱ የመታው ነው ይባላል። መንገድ ላይ ሆኜ የት እንደሚሠራ በመዶሻው ድምፅ አውቅ ነበር። የሌሎቹ ዝም ብሎ ኳኳታ ነው። የእሱ ግን ሁለት ቀላል ምት፣ አንድ ከባድ፣ ከዚያ ዝምታ ነው፤ በዝምታው መሃል ሌላ ሚስማር ከከንፈሩ ያወጣል። ሚስማር በአፉ ይዞ ይስቃል፣ ይዘፍናል፣ ከታች ከሚያልፈው ሰው ጋር ይቀልዳል።

«አንድ ቀን ትውጠዋለህ!» ትለዋለች እማዬ።

«ብውጠው ምናለበት? ሆዴ አያፈስም!»

በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጸሐፊው ቤት ተሰብስቦ ወንጌል ያዳምጥ ነበር። ጸሐፊው የምንላቸው ዕድሜያቸውን ፍርድ ቤት መዝገብ ሲጽፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። በመንገዳችን ማንበብ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ይወለውላሉ፤ ሁለተኛው «ዝም በሉ» ማለት ነው። ጆሯቸው በደንብ ስለማይሰማ የሚያነቡት ጮኸው ነበር። ቁጣውንም፣ ምሕረቱንም፣ የተያዙትን ዓሣዎች ብዛትም በአንድ ድምፅ ነው የሚያነቡት። እኔ እማዬ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ የሰዎቹን ጫማ እያየሁ አዳምጣለሁ።

አንድ ቀን ሽባው ሰውዬ የዳነበትን ታሪክ አነበቡ። አራት ሰዎች ከነአልጋው ተሸክመው አመጡት፤ ሕዝቡ በሩን ስለዘጋባቸው ጣሪያ ላይ ወጥተው ቀደዱትና በቀዳዳው ወደ ኢየሱስ አወረዱት። ሰውዬው ተነሣ፣ አልጋውን ተሸከመ፣ ሄደ። ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ። እኔ ግን የጣሪያ ሠሪ ልጅ ነኝ። ሌላው ሰው ሽባው ሲነሣ ሲያይ፣ እኔ በልቤ ቀና ብዬ ቀዳዳውን አየሁ። ሰማይ ይታያል። ቤቱ የሰው ቤት ነው። ማታ ቢዘንብስ?

«ጣሪያውን ማን ጠገነው?» አልኩ።

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጎልቶ ወጣ።

«ምን አለች?» አሉ ጸሐፊው፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

ከአጠገባቸው የተቀመጡት እትዬ ሰፊዋ፣ በስፌት መኪናቸውና በምላሳቸው የሚታወቁት፣ ወደ ጆሯቸው ተጠግተው ጮኹ። «ጣሪያውን ማን ጠገነው ነው የምትለው! የሰውዬውን ቤት አፍርሰው ዝም ብለው ሄዱ ወይ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ በላይ የሳቀው አባዬ ነበር። ጸሐፊው ግን አልሳቁም። መጽሐፉን አዩ፣ ገጹን ገለጡ፣ መልሰው ገለበጡ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና «ለዛሬ ይብቃን» አሉ።

ንባብ በመሃሉ ሲቋረጥ አይቼ አላውቅም። እማዬ እጄን ይዛ እየጎተተች አወጣችኝ። «እንግዲህ አፍሽን በምን ልዝጋልሽ?» አለች። አባዬ ወደ ኋላ ቀረ። ዞሬ ሳይ በሩ ላይ ቆመው ከጸሐፊው ጋር ያወራሉ። ጸሐፊው በጣታቸው ወደ ራሳቸው ቤት ጣሪያ ያመለክታሉ፤ አባዬ ራሱን ይነቀንቃል። ከጸሐፊው ጩኸት የደረሰኝ ቁርጥራጭ ነው፤ «…ስለ ልጅቷ ነገር…»፣ «…እስኪያልቅ ድረስ…»፣ «…ከሰኞ ጀምሮ!»

ገባኝ። ፍርድ ቤት የኖሩ ሰው አይደሉ? ፈረዱበት።

ሰኞ አባዬ የጸሐፊው ጣሪያ ላይ ወጣ። እኔም አጥሩ ሥር ተደብቄ ማየት ጀመርኩ። ያየሁትን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እስለዋለሁ። አሮጌው ቆርቆሮ እየተነቀለ መሬት ላይ ይወድቃል፤ የዛገው ብረት ሽታ አፍንጫ ይገባል። ጸሐፊው ግቢው መሃል ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ አንገታቸውን አቅንተው ወደ ላይ ይጮኻሉ። አባዬ መዶሻውን ያስቀምጣል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ዝም ይላል። ከዚያ አንድ ነገር ይናገራል። ጸሐፊው እግራቸውን መሬት ላይ ይመታሉ፣ ገጽ ያገላብጣሉ፣ እንደገና ይጮኻሉ። አንዴ አባዬ ቆቡን አውልቆ ራሱን ሲያክ አየሁት። በእኔ ምክንያት ይሄን ትልቅ ሰው፣ በጸሐይ ላይ አውጥተው፣ ከመጽሐፍ እያነበቡ ይሰድቡታል።

እማዬም እንደተቀጣ አረጋገጠችልኝ። «አራት ቀን የማይፈጅ ሥራ ይሄው ሦስት ሳምንቱ!» ትላለች ለእትዬ ሰፊዋ። «ያውም በነጻ!»

«ተዪው፤ በዚያው ሰማይ ሊደርስ አስቦ ይሆናል።»

«ቢደርስ እንኳ የልጁን ነገር ጨርሶ ነው የሚደርሰው፤ በልጅቷ ጉዳይ ሰው አይሰማም።»

በልጅቷ ጉዳይ። እኔ ነኝ። አንድ ጥያቄ፣ ሦስት ሳምንት። በዚያው ሳምንት ብቻ አራት ጥያቄ በልቤ ነበረኝ። አጋንንት ገብተውባቸው ባሕር ውስጥ የሰጠሙት እነዚያ አሳማዎች የማን ነበሩ? ባለቤቱስ አላለቀሰም? የአራቱን ጥያቄ ቅጣት በጣቴ ልቆጥር ሞከርኩ፤ ጣቶቼ አለቁብኝ። ያኔ ማልኩ። ከአሁን በኋላ በሕይወቴ ምንም ነገር አልጠይቅም። ጥያቄዎቼን አንድ በአንድ ዋጥኳቸው። እንደ ሚስማር ነበሩ፤ ግን ቻልኳቸው።

ጣሪያው ባለቀ በሳምንቱ ጸሐፊው ወረቀት ይዘው ቤታችን መጡ። «ጨርሻለሁ፤ ትምህርት ቤት ትገባለች!» ብለው ጮኹ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እማዬ ቀሚሴን አጠበች። አባዬ ራሱ እጄን ይዞ ወሰደኝ፤ መንገዱን ሙሉ ያፏጫል። ትምህርት ቤት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበርና ተከተልኩት። ክፍል ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ጠመኔ ሸተተኝ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ መምህሩ አንድ ነገር አስረዱና ዞር ብለው «ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ» አሉ።

ሠላሳ እጅ ወጣ።

እኔ ያየሁት ሠላሳ እጅ አይደለም። ሠላሳ አባት ሠላሳ ጣሪያ ላይ ቆሞ ነው ያየሁት። በመስኮቱ ዘልዬ ወጣሁ።

ሦስት ጊዜ ወሰዱኝ፣ ሦስት ጊዜ አመለጥኩ። በሁለተኛው ቀን ዘበኛው በቀሚሴ ያዘኝ፤ ቀሚሱን ትቼለት በውስጥ ልብሴ ሮጥኩ። በሦስተኛው ቀን እማዬ ልትገርፈኝ ስትነሣ አባዬ ያዛት። «ተዪያት» አላት። «ካልፈለገች በግድ አይሆንም።» ከዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን እያገላበጠ ሲያይ ዋለ። እኔ ደግሞ በሩ ጀርባ ቆሜ ተመለከትኩት። ነጻ የወጣ ሰው ዕረፍት መሰለኝ። ደረቴን ነፋሁ። ማንም ሳያውቅልኝ፣ ለብቻዬ፣ አሸንፌ ነበር!

እማዬ ሌላ ልጅ ወለደች፤ እሱን ያዝኩ። ከዚያ ሌላ መጣች፤ እሷንም ያዝኩ። ስለ ትምህርት ቤት ዳግመኛ የተናገረ አልነበረም።

የራሴን ልጅ ያሳደግኩት በፍርሃት ነው። ሐኪም ቤት ሐኪሙ ሲያናግረን «ዝም በይ»፣ ሰልፍ ላይ «ዝም በይ»፣ አውቶቡስ ውስጥ «ዝም በይ»። ለእሷ ብዬ ነው፤ እኔ የማውቀውን አደጋ እሷ አታውቀውማ። አሥር ዓመት ሲሞላት መምህሯ አስጠራችኝ። መንገዱን ሁሉ ምን አጠፋች እያልኩ ሄድኩ።

«ምንም አላጠፋችም» አለች መምህሯ። «ጎበዝ ናት። ግን ጠይቃ አታውቅም። ያልገባትን ሁሉ ገብቶኛል ትላለች። እንዲህ ከቀጠለች ወደ ኋላ ትቀራለች። ቤት ውስጥ የሚያስፈራት ሰው አለ?»

የሚያስፈራት ሰው መምህሯ ፊት ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ስወጣ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁና ዘበኛውን «ምን ይላል?» አልኩት። የጎልማሶች ትምህርት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይላል አለኝ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሳይሆን አይቀርም። ማንም አልተቀጣም።

በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴ ጠረጴዛውን እየገጨ ፊደል ቆጠርኩ። ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። ማንበብ ስጀምር የመረጥኩት ወንጌልን ነው፤ በጆሮዬ ስለማውቀው ይቀልለኛል ብዬ ነበር። ልጄ ግን አታልፈኝም።

«እማዬ፣ ይሄን አላነበብሽም። በቃልሽ ነው።»

«አነበብኩ እንጂ!»

«ገጹን ሳትገልጪ?»

ከዚያ በኋላ ቀጣዩን መስመር በወረቀት ትሸፍንብኛለች፤ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን አትገልጥልኝም። እየተጎተትኩ ሄድኩ። ስሄድ ደግሞ የዋጥኳቸው ተነሡብኝ። ያቺ በትኩሳት የተኛች አማት እንደዳነች ተነሥታ እንግዳ አስተናገደች ይላል፤ ትንሽ እንኳ አላረፈችም? ሴትየዋን ሊወግሯት ባመጧት ጊዜ ኢየሱስ ጎንበስ ብሎ በጣቱ መሬት ላይ ጻፈ ይላል፤ ምን ብሎ ጻፈ? ከቆሙትስ ማንበብ የሚችል ስንቱ ነበር? እንደ እኔ ያለች አንዲት ሴት ከኋላ ሆና ጽሕፈቱን እያየች፣ ምን እንደሚል ልትጠይቅ ፈርታ ቆማ ይሆን?

አንድ ከሰዓት ጣሪያው ጋ ደረስኩ። ጣቴን እያስኬድኩ ቃል በቃል አነበብኩ። ቀደዱ፣ አወረዱ፣ ተነሣ፣ ሄደ። ከዚያ ሌላ ታሪክ ይጀምራል። ተመልሼ አነበብኩ። ወረቀቱን አንሥቼ ገጹን ሙሉ አየሁ።

የለም። ጣሪያውን ማን እንደጠገነው የለም።

የማያነብ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ሁሉም ነገር ያለ ይመስለዋል። እኔም ማንበብ የሚችል ሁሉ የሚያውቀውን ጠይቄ፣ ጸሐፊውን በሰው ፊት አስቆጥቼ፣ አባቴን ያስቀጣሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ጸሐፊው የዚያን ቀን ገጹን ያገላበጡት ተቆጥተው አልነበረም፤ መልሱን እየፈለጉ ነው። መልሱ አልነበራቸውም።

በነጋታው አባዬ ጋ ሄድኩ። አርጅቷል፤ ግቢ ውስጥ ወንበር አውጥቶ የጎረቤቱን ጣሪያ እያየ ጥፋት ሲለቅም ነው የሚውለው።

«አባዬ፣ ያን ጊዜ በእኔ ምክንያት ተቀጥተህ…»

«ምን ሆኜ?»

«ጸሐፊው ጣሪያ ላይ። ሦስት ሳምንት።»

አየኝ። ከዚያ ሳቀ። ሲስቅ አስሎት ውሃ አመጣሁለት፤ ውሃውንም ሳቀበት። «ማን ነው የቀጣኝ? እኔ እንጂ እሳቸውን የቀጣኋቸው! ድምፃቸው እስኪዘጋ ነው ያስነበብኳቸው!»

«ሲጮኹብህ እኮ አየሁ።»

«እሳቸው ሰላምታም ሲሰጡ ይጮኹ የለ እንዴ? ያውም እኔ ላይ፣ እሳቸው ታች!» ዓይኑን ጠረገ። «ዕድሜዬን በሙሉ ጣሪያ ስመታ እኔ ያላሰብኩትን አንቺ አሰብሽ። ያን ቀን ‹አንዱ ላይ ባይኖር ሌላው ላይ ይኖራል፣ ወንጌሎቹ አራት ናቸው› አሉኝ። ‹እንግዲያው ጣሪያዎን ልሥራልዎት፤ እርስዎ አራቱንም ያንብቡልኝ፤ ይቺንም ልጅ ትምህርት ቤት ያስገቡልኝ› አልኳቸው። ሲያነቡ መዶሻው ስለሚረብሽ ማቆም ነበረብኝ። ለዚህ ነው ሦስት ሳምንት የፈጀው።»

«እግራቸውን መሬት ሲመቱስ?»

«ተከራክረን ነዋ! አንዱ ነደሉት ይላል፤ ሌላው ጡብ አነሡ ይላል። ‹ጋሼ፣ መንደልና ጡብ ማንሣት አንድ ሥራ አይደለም፣ ከሁለት አንዱ ጣሪያ አያውቅም› አልኳቸው። አበዱ! አንደኛው ደግሞ ስለ ሽባው አውርቶ ጣሪያውን ከነጭራሹ አላየውም። አራተኛው ላይ ታሪኩም የለም።»

«መልሱንስ አገኛችሁት?»

«እሳቸው አላገኙም። እኔ ግን ስመታ ስመታ ደረስኩበት።» ወደ ጎረቤቱ ጣሪያ ጠቆመ፣ ቀዳዳው እዚያ ያለ ይመስል። «የዳነው ሰውዬ ራሱ ነው። እግር የለውም እንዴ አሁን? አልጋውን ቤቱ አስቀምጦ፣ በማግሥቱ መሰላል ተሸክሞ መጣ። የመጀመሪያ ሥራው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

ከዚያ ፊቱ ቀስ ብሎ ተለወጠ።

«ታዲያ ትምህርት ቤቱን እምቢ ያልሽው…»

«አንተን ላድን ብዬ ነው።»

የውሃውን ኩባያ መሬት ላይ አስቀመጠ። «እኔ እኮ» አለ፣ «ሰው ሲስቅብሽ አብሬ ስለሳቅሁ መስሎኝ ነበር። ልጄን በሰው ፊት አሳፍሬ ከትምህርት አስቀረኋት እያልኩ… ሳቄ ግን ከኩራት ነበር፤ ‹የማን ልጅ ናት!› እያልኩ ነው የሳቅኩት።»

ሁለታችንም ሠላሳ አንድ ዓመት ተሸክመናል፤ እሱ የእኔን፣ እኔ የእሱን። በአንድ ከሰዓት አወረድነው። አለቀስኩ፤ ግን ቀለለኝ እንጂ አላዘንኩም።

«አሁን ታነቢያለሽ?» አለኝ።

«አነባለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? በሚቀጥለው ሳምንት ጉባኤው ላይ አንቺ ነሽ የምታነቢው። እነግራቸዋለሁ።»

ጉባኤው ዛሬም አለ፤ ጸሐፊው ካረፉ ወዲህ ማንበብ የተማሩት ሁሉ በተራ ያነባሉ። ሳምንቱን በሙሉ አልበላሁም። ብሳሳትስ? ድምፄ ባይወጣስ? ሰዓቱ ደርሶ ስቆም እጄ በላብ ስለራሰ መጽሐፉን በቀሚሴ ይዤ ነው የቆምኩት። አባዬ ከፊት ተቀምጧል፤ ልጄ ከጎኑ፤ ጥርሳቸው ያለቀው፣ ምላሳቸው ግን ያላለቀው እትዬ ሰፊዋ ከበስተኋላ። የደረሰኝ ሞታ ስለተነሣችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ፊደል በፊደል ተጎተትኩባቸው። አንድ ሰው አሳለ። በሦስተኛው መስመር ቃሎቹ ከእኔ ቀድመው መምጣት ጀመሩ፤ በአምስተኛው ድምፄ የራሴ ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ። ልጅቷ ተነሥታ ስትመላለስ፣ ኢየሱስም የምትበላው እንዲሰጧት ካዘዘበት ስደርስ ቆምኩ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «እናትዋ እዚያው ቆማለች። እንዴት ነው እሷ ‹ልጄ ርቧታል› ሳትል እሱ የቀደማት?»

«በድንጋጤ ራሷን ስታ ይሆናላ!» አሉ እትዬ ሰፊዋ። «አንቺ ብትሆኚ ወጥ ትሠሪ ነበር?»

«ስትበላ እንዲያዩና በእርግጥ መዳኗን እንዲያምኑ ነው» አለ አንዱ።

«አይደለም፤ እናት በለቅሶ ብዛት ጉልበት የላትም» አለች ሌላዋ። አባዬ መሃል ገባ፣ ሌላ ሰው መለሰለት፤ ቤቱ በክርክር ጋለ። ማንም መጽሐፉን ዝጊው አላለኝም። እንዲህ ያለ ደስታ በሕይወቴ አላውቅም።

በዚያ ጩኸት መሃል ልጄን አየኋት። ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ አየች፤ ዕድሜዋን ሁሉ እንደምታየኝ፣ ዝም በይ እላት እንደሆነ ለማወቅ። ቃሉ ከልምድ ብዛት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ቁሚና ተናገሪ፣ የኔ እናት» አልኳት።

ቆመች። ጆሮዋ እስኪቀላ ደም ፊቷ ላይ ወጣ፤ ግን አልተቀመጠችም።

«እናትዋም፣ አባትዋም፣ ሁሉም ስለ እሷ ያወራሉ» አለች። «ልጅቷን ራሷን ምን እንደሚያምራት የጠየቃት ሰው ማን ነው?»

አባዬ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ምን ማለት እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ። ትቀመጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተቀመጠችም።

«ሌላም አለኝ» አለች ልጄ።